የፖሊስ ጌታው ማን ነው?

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ሁለቱን ያሰራቸው የሕግ ስም ነበረ። ይህን የማነሣው ያለፈውን ዘመን ለማመስገን አይደለም። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተበደለ የታወቀ ነው። ያነሣሁት፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለ ራሴ አንድ በደል ልናዘዝልህ ስለ ፈለግሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤታችን ልጅ በምንኖርበት የክልል ከተማ ተያዘ። የያዙት የፌዴራል ፖሊሶች ነበሩ። ፍርድ ቤት ቀረበና በዋስ እንዲለቀቅ ታዘዘ። እናቱም ዋስ ጠርታ፥ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። እዚያም «ልጁን ለክልሉ ፖሊስ አስረክበናል፤ እነርሱን ጠይቂ» አሏት። ወደ ክልሉ ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ «እኛ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነው፤ ያለ ፌዴራሎቹ ቃል አንለቅም» ብለው መለሷት። እንዲህ እየተባለች ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ በሁለት በሮች መካከል አራት ቀን ተመላለሰች።

በአራተኛው ቀን ማታ እንባዋን ማየት ስላልቻልሁ፥ በሹመት ላይ ላለ አንድ ዘመዴ ስልክ ደወልሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልጁ ተፈታ። እናትየው ከእግሬ ላይ ወደቀች፤ ጎረቤቱም መረቀኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የዳኛ ማኅተም አራት ቀን ሙሉ ያልከፈተውን በር የእኔ ስልክ ባንድ ሰዓት ከፈተው። በስልክ የሚከፈት በር ደግሞ በስልክ ይዘጋል። ዛሬ ንጹሑን ያስፈታ ድምፅ ነገ ንጹሑን ያሳስራል። ከዚያው ጣቢያ ዘመድ የሌለው ስንት ሰው እንደ ቀረ አልጠየቅሁም።

ሰዎች ስለ ፖሊስ ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «የማን ይሁን?» ብለው ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአገራችን ፖሊስ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር በአንድነት ተደራጅቶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ሥልጣኑን ለሁለት ከፈለው፤ በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን ፖሊስ ለፌዴራሉ መንግሥት፥ በአንቀጽ 52 የክልሉን ፖሊስ ለክልሉ ሰጠ።

ለሁለቱም ወገን እውነት አለው። የአገሩ ልጅ የሆነ ፖሊስ ቋንቋውንና ልማዱን ያውቃል፤ ነገር ግን የአካባቢው ሹም ጓደኛ፥ የባለጸጋው አማች ሊሆን ይችላል። ከሩቅ የመጣው ዘመድ ስለሌለው ሳያዳላ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሕዝቡን አያውቀውም፤ የሚፈራውም ሩቅ ያለውን አዛዡን ብቻ ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ክልሎች ከፖሊሳቸው ሌላ ልዩ ኀይል የሚባል ሠራዊት አደራጅተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ይህ ኀይል ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ እንዲገባ በወሰነ ጊዜ በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ሰው የሚጠብቀውን ጠመንጃ በማን እጅ እንዳለ ሳያውቅ አይተኛምና።

በሌላም አገር ይህ ክርክር አለ። በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የሚታዘዘው ለማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን፥ ክፍላተ ሀገሩ አሠራሩን የመከታተል መብት አላቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 የምዕራብ ኬፕ አስተዳዳሪ፥ የካዬሊትሻ ነዋሪዎች በፖሊስ ላይ ያቀረቡትን አቤቱታ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ። የፖሊስ ሚኒስትሩ ምርመራው እንዲቆም ከሰሱ፤ በ2013 ግን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ለክፍለ ሀገሩ ፈረደ። ከዚህ የምንማረው የሚያዝዘው አንዱ፥ የሚጠይቀው ሌላው ሊሆን እንደሚችል ነው።

እንግዲህ የፖሊስ ነጻነት ማለት አዛዥ አይኑረው ማለት አይደለም። አዛዥ የሌለው ባለ ጠመንጃ ሽፍታ ነው። አለቃው የት እንደሚጠብቅና ስንት ሆኖ እንደሚሰማራ ሊያዝዘው ይገባል። ማን ይታሰር፥ ማን ይፈታ የሚለው ግን የሕግና የዳኛ ነገር ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲል፥ የያዘው የፌዴራል ነው ወይስ የክልል ብሎ አይለይም። ሁለት ቀለም ልብስ ሊኖር ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ያን ማታ ባልደውል ኖሮ ልጁ ስንት ቀን ይታሰር ነበር? በእናቱ ፊት ቆሜ «ታገሺ፥ ሕጉን እንጠብቅ» ለማለት ልብ ነበረኝ ወይ? አልነበረኝም። ስለ ስልኩ ብዙ አልወቅሰውም ራሴን። እውነተኛው በደሌ ሌላ ነው፤ ልጁ ከወጣ በኋላ ወደ ዳኛው ተመልሼ «ትእዛዝዎ አራት ቀን ተረግጦ ነበር» ብዬ አላመለከትሁም። የራሴ ሰው ስለ ወጣ ዝም አልሁ። ለቀሩት በሩን የዘጋው አንዱ የእኔ ዝምታ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ አንዳንዱ ፖሊስ፥ አንዳንዱ ሹም ይሆናል፤ የብዙዎቻችሁም ዕድል ሹም ዘመድ ማግኘት ነው። ፖሊስ የሆንህ ከስልኩ ይልቅ ማኅተሙን ፍራ። ሹም የሆንህ ስልኩን አታንሣ። ዘመድ ያለህ ግን፥ የራስህ ሰው ከወጣ በኋላ ለማታውቀው ሰው ስትል ወደ ዳኛው ተመለስ። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ወራጁን ውሃ የሚያቆመው ለባዕድ ሰው ሲባል ጭምር የተነገረ እንደ ሆነ ነው።