እግርን የሚያነሣ ባልንጀራ

በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ አገር፣ ቤት በሰው ጉልበት ተነሥቶ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል ቢባል፣ አገሩን ያላየ ሰው ተረት ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ ሲታነጽ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ የሚችል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከግርጌው እየበላ ያሳጥረዋል። ባለቤቱ ቦታ መለወጥ የፈለገ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ዙሪያውን ይይዝና ባንድ ድምፅ ብድግ ያደርገዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊነቀንቀው የማይችለውን ቤት ብዙዎች ይዘውት ይሄዳሉ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ያባቶች ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይህን ምሳሌ አዘውትረን የምንተረጉመው፣ ሸክም ሲከፋፈል ይቀላል በማለት ነው። እኛ ግን በዚህ አገር በመምህርነት ስንኖር ሌላም ነገር አስተውለናል። ይኸውም፣ ኅብረት ሸክምን ከማቅለሉ አስቀድሞ ፈቃድን ያነሣሣል። ሰው ጉልበት እያለው የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስለሌለ ነው፤ ደክሞት ሳለ የሚነሣውም የሚጠብቀው ስላለ ነው። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴና ስለ ጤንነት ስንነጋገርም ይህን ነገር ልንዘነጋው አይገባም እንላለን።

ገበሬው ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ደቦ የሚጠራ ሰው እህልና መጠጥ አሰናድቶ ይጠብቃል፤ ወንፈል የገባ ሰውም ዛሬ በባልንጀራው እርሻ የዋለውን ጉልበት ነገ በራሱ እርሻ ላይ ያገኘዋል። በአረሙና በአጨዳው መካከል አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌሎቹም ይቀበላሉ፤ ክንዱ የዛለውም በዜማው ይበረታል። ማታ ሲለያዩ ጀርባቸው እንደ ታመመ ነው፤ ፊታቸው ግን አይከፋም። ያው ገበሬ ያንኑ መሬት ብቻውን ሲያርም ቢውል፣ የሥራው ዓይነት ሳይለወጥ የልቡ ሁኔታ ይለወጣል።

ይህን ስንል ጉልበት የሚጨርሰውን ድካም ሁሉ ማመስገናችን እንዳይደለ አንባቢዎቻችን ይረዱልን። ከጫካ እንጨት ለቅመው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ወደ አርባ ምንጭ ገበያ የሚመጡት እናቶች፣ እንቅስቃሴ አንሶባቸው አይደለም የሚሄዱት። ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው ሸክሙን የሚያቃልል ሰው እንጂ ስለ ጤንነት የሚሰብክ መምህር አይደለም። ሆኖም እነርሱም ቢሆኑ በተናጠል አይጓዙም። ተጠራርተው ይነሣሉ፤ መንገድ ላይም አንዷ ስታርፍ ሌሎቹ ይቆሙላታል።

አሁን የምንናገረው ከዚህ ኑሮ ወጥቶ ወደ ከተማ ስለ ገባው ስለ እኛ ቢጤ ሰው ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ ሰፈሮች የተከፈለች ከተማ ናት፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ፣ በመካከላቸውም ዳገት አለ። ያን ዳገት ዛሬ ባጃጅ በጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል። ደመወዝተኛው ከወንበር ወደ ወንበር ይዘዋወራል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ወንበር ተነሥቶ በስልክ ፊት ይቀመጣል። ወደ ከተማ ስንገባ የተውነው መቆፈሪያውንና ማጭዱን ብቻ አይደለም፤ ከጎናችን ተሰልፎ ይቆፍርና ያጭድ የነበረውን ሰውም ትተናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ልጆችና ወጣቶችም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲያደርጉ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ይህም የደም ግፊትን፣ የስኳርን፣ የልብን በሽታና የመንፈስ ጭንቀትን ለመከላከል ይረዳል። ምክሩን የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። ለምን ይሆን?

በመምህርነት አብረውን የቆዩ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ወዳጅ አሉን። ስኳር እንዳለባቸው ሐኪም ነገራቸውና በየቀኑ እንዲራመዱ አዘዛቸው። እሳቸውም ለሦስት ቀን ያህል ከተራመዱ በኋላ በደጃፋቸው ወዳለው ወንበር ተመለሱ። እግራቸው እየደነዘዘ፣ ዓይናቸውም እየደከመ ሄደ፤ ባለቤታቸውም በስጋት ላይ ነበሩ። አንድ ቀን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ባለቤታቸው፣ «እኚህ ሰውዬ ሐኪሙን እሺ ይሉታል፤ እግራቸውን ግን እሺ አላሰኙትም» አሉን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጎረቤታሞች ሆነን ጧት በ12 ሰዓት በበራቸው ማለፍ ጀመርን። ምክር አልጨመርንባቸውም፤ ቆመን «መምህር፣ ደርሰናል!» ማለት ብቻ ነበር። እሳቸውም ሰውን በር ላይ ማስቆም ነውር ነውና፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ጫማቸውን አጥልቀው ይወጣሉ። ቀስ በቀስ ከሴቻ አፋፍ ላይ ሆነን ደፍራሹን ዓባያን፣ ወዲያ ማዶም ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜርን ድልድይ እያየን ስለ ድሮ ተማሪዎቻችን የምንጫወትበት ሰዓት የቀኑ ጣፋጭ ሰዓት ሆነላቸው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላም፣ «እናንተ ባትጠሩኝ ኖሮ ሐኪሙ እስከ ዛሬ ሲመክረኝ ይኖር ነበር» ብለው አሳቁን። ዛሬም መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ነገር ግን ዳገቱን ሳያርፉ ይወጡታል፣ ፊታቸውም ፈክቷል።

ሊቃውንት ይህን ጉዳይ መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የጀልባ ቀዛፊዎች ብቻቸውን ሲለማመዱና በአንድነት ሲለማመዱ ሕመምን የመቻል ኃይላቸውን አመዛዝኖ ነበር። ድካሙ እኩል ሆኖ ሳለ፣ በአንድነት ከቀዘፉ በኋላ ሕመምን ይበልጥ ሲችሉ ተገኙ። ገበሬው በዘፈኑ የሚያውቀውን ነገር መርማሪዎቹ በመሣሪያ ለኩት ማለት ነው።

ነገር ግን ኅብረት ሁሉ ያበረታል ማለትም አይቻልም። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል። የጎታቾቹ ቁጥር በጨመረ መጠን እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው ጉልበት እየቀነሰ መሄዱን አየ። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎችም የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ በሚታወቅበት ጊዜ ይህ ስንፍና እንደሚቀንስ አረጋገጡ። እንግዲህ የሚያበረታው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ስምህን የሚያውቅ፣ ብትቀር «የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው ጉልበት የሚገኘው።

ከዚህም የባሰ፣ ሰውን ከእንቅስቃሴ የሚያርቅ ኅብረት አለ። በአንድ ትምህርት ቤት በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ያየነውን እንንገራችሁ። ሁለት የኳስ አለቆች ተሰይመው ጓደኞቻቸውን በየተራ ሲመርጡ፣ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚቀር አንድ ወፍራም ልጅ ነበር። መጨረሻ ላይ መቅረቱ ሳያንስ፣ «እሱን እናንተ ውሰዱት» እየተባባሉ ይከራከሩበታል። ልጁም ውሎ አድሮ በዚያ ሰዓት ሆዱን የሚያመው ሆነ። አዲስ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ግን ምርጫውን አስቀርቶ ልጆቹን በሰልፍ አንድ፣ ሁለት እያስቆጠረ ከፈላቸው፤ ያን ልጅም በረኝነትን አስተማረው። በዚያው ዓመት የልጁ ሆድ ሕመም በራሱ ጊዜ ዳነ። ኳሱ ያው ኳስ፣ ሜዳውም ያው ሜዳ ነበር።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ሰው አንድን ሥራ ከልቡ ይዞ እንዲዘልቅበት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብለው ያስተምራሉ፤ በገዛ ፈቃዱ መሥራቱ፣ እችላለሁ ማለቱ፣ ከሌሎች ጋር በፍቅር መተሳሰሩ። ፌዝ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ያፈርሳል። ለጤናዋ ብላ መንገድ የወጣችውን ወፍራም እናት አይቶ የሚስቅ ጎረምሳ፣ እርሷን ወደ ቤቷ መመለሱ ብቻ አይደለም፤ በመስኮት የምታያትን ሌላዋንም እናት ከመነሣቷ በፊት አስቀርቷታል።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ፣ በመቋሚያና በጸናጽል ሲዘም ያደረ ደብተራ ሁሉ፣ ከጎኑ የቆመው ጓደኛው ድምፅ እንዴት እንደሚያቆመው ያውቃል። በስቅለት ዕለትም ጉልበቴን ያመኛል የምትል አሮጊት ከሕዝቡ ጋር ስትወድቅ ስትነሣ ትውላለች። መሠረቱ እምነትና ንስሓ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ስግደትም ለሥጋ ማጎልመሻ ብለን የምናደርገው አይደለም። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሥጋችን ለብቻው ደካማ መሆኑን ስለምታውቅ በጉባኤ ታቆመናለች።

በአዲስ አበባም የዚህ ምሳሌ አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያስጀመረውና ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ወዲህ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ 10 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለማሸነፍ የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሶ እየዘፈነና እየተጫወተ ይሄዳል። ብቻህን ሂድ ቢባል አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞክረው ሰው አሥሩን ይጨርሳል። የአንድ ቀን በዓል ግን የዓመት ጤና አይሆንም፤ ስለዚህ በየሰፈሩ ትንሹ ማኅበር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በጧት ጉዟችን በር የማንኳኳቱን ሥራ የያዘው ጎልማሳ ጎረቤታችን በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። መንገዱም እግራችንም እንደ ነበሩ ሳሉ ጉዞው ተቋረጠ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። ብንከፍት የቆሙት እኚያው ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ «ደርሰናል!» አሉን፣ ብቻቸውን ሆነው ሳለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጥራቱ ሥራ በየሳምንቱ ተራ ሆኗል። ሲጠራ የኖረ ሰው መጥራት ከጀመረ ማኅበሩ በአንድ ሰው ላይ አይንጠለጠልም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በየቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትን ባጭሩ እናሳስባችኋለን። ሰዓትና ስፍራ ቁረጡ፤ «አንድ ቀን እንሄዳለን» ማለት አለመሄድ ነውና። የጉዞው ፍጥነት በደካማው እግር ልክ ይሁን። የቀረውን ሰው ጠይቁት እንጂ አትውቀሱት። በሽታ ያለበትም ስለ አቅሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ እንዲራመዱ ከወደዳችሁ ምክሩን ተዉና ውኃውን ቅዱላቸው፤ ልጆቹንም ያዙላቸው። ሴት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንድሟ ወደ ሜዳ፣ እርሷ ወደ ማጀት ብቻ የሚሄዱ ከሆነ፣ ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ፤ ሜዳውንም እንዲሁ። ሰንበቴና ዕድር ያላችሁም፣ የሚጠሩ ስሞች በእጃችሁ አሉና ለቀብር ከምትጠራሩበት ቀን አስቀድማችሁ ለሕይወት ተጠራሩ።

በየሰፈራችን በደጃፉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ነገ ጧት በ12 ሰዓት በዚያ ሰው በር ላይ ቆሞ በስሙ ቢጠራው፣ የጻፍነው በከንቱ አልሆነም።