ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የደረሰው ዕቃ

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየቤታችን የሚያጋጥም ነው። ኦንላይን ያዘዛችሁት ዕቃ ጠፋ እንበል። ሻጯ አምናችሁ ገንዘባችሁን መለሰች። ከሳምንታት በኋላ ዕቃው ብቅ አለ። ገንዘቡም ዕቃውም እናንተ ጋ ነው፤ ይህንን ደግሞ ከአላህና ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን ታደርጋላችሁ?

እኔን ባለፈው ረመዳን አጋጥሞኛል። የምኖረው አሜሪካ ነው። ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለምሠራ ገበያ የምወጣበት ጊዜ የለኝም። ለዒድ ብዬ ለራሴና ለልጄ ሁለት ጅልባብ፣ ሌላ ስቴት ሆና በዋትስአፕ ከምትሸጥ የአገራችን ልጅ አዘዝኩ። ከነመላኪያው 84 ዶላር ከፈልኩ። መከታተያው «ደርሷል» ይላል፤ በሬ ላይ ግን ምንም የለም። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ የሕንፃውን ቢሮ ጠየቅኩ፣ የለም። ለእህቲቱ ስነግራት አንድም የጥርጣሬ ቃል ሳትናገር ገንዘቤን መለሰችልኝ። ዒድ ካለፈ በኋላ ከማዶ ሕንፃ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ጥቅሉን ይዘውልኝ መጡ። ለካ የቤት ቁጥራችን ስለሚመሳሰል እሳቸው በር ላይ ተጥሎ ኖሯል፤ እሳቸውም ልጃቸው ቤት ሰንብተው መመለሳቸው ነበር።

አንዷ ጓደኛዬ «ሪዝቅሽ ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ። ሌላዋ ሕግ ጠቀሰችልኝ። እውነት ነው፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሳታዝዙ በፖስታ የተላከላችሁን ዕቃ እንደ ስጦታ ቆጥራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ያ ሕግ ግን ያልታዘዘ ዕቃ ልከው «ክፈሉ» የሚሉ ነጋዴዎችን ለማስቆም የወጣ ነው። ይሄን ጅልባብ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሪዝቄ ነው እንዳልል ደግሞ ባለቤቷን በስሟ አውቃታለሁ።

በሥራዬ አንድ ደንብ አለ። ለሕመምተኛ ከታዘዘው እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ የተረፈ ካለ ብቻዬን አልደፋውም። ሌላ ነርስ ቆማ ታያለች፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። የወጣው፣ የተሰጠውና የተደፋው ተደምሮ እኩል መምጣት አለበት። ቤታችን ተቀምጠን ስንገዛና ስንሸጥ ግን ቆማ የምታይ ነርስ የለችም። የሚመዘግቡት በቀኝና በግራችን ያሉት መላእክት ናቸው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኛ በፊት ስለነበሩ ሁለት ሰዎች ነግረውናል። አንዱ ከሌላው መሬት ገዝቶ ውስጡ ወርቅ ያለበት እንስራ ያገኛል። የገዛው መሬቱን ብቻ መሆኑን ተናግሮ ወርቁን ሊመልስ ይሄዳል፤ ሻጩ ደግሞ መሬቱን የሸጠው ከነያዘው እንደሆነ ተናግሮ አልቀበልም ይላል። ዳኛ ዘንድ ቀረቡ። የአንዱ ወንድ ልጅ የሌላውን ሴት ልጅ እንዲያገባ፣ ወርቁ ለእነሱ እንዲወጣላቸውና ከእሱም ሰደቃ እንዲሰጥ ተፈረደ። እህቶቼ፣ የተካሰሱት እኮ ላለመውሰድ ነው!

እኔም ዕቃው መድረሱን ጻፍኩላት፤ ገንዘቡንም ያኔውኑ መልሼ ላክሁ። በድምፅ መለሰችልኝ። በዚያ ሰሞን ሦስት ሰው «አልደረሰኝም» ብሏት ለሦስቱም መልሳ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልመልስም ብላ ወስና ነበር። ስለ ጠፋው ጥቅል ለላኪው ድርጅት ያስገባችውንም የካሳ ጥያቄ ልታነሳ እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ዝም ብል ዋጋውን የምትከፍለው ከኔ ቀጥላ እውነት ዕቃ የሚጠፋባት እህት ነበረች።

ስለዚህ ገዢ የሆንን፣ ለባንክ «ዕቃው አልደረሰኝም» ብለን ከማመልከታችን በፊት መጀመሪያ ለሻጯ እንጻፍ። ባንኩ ክርክሩን ለኛ ከፈረደ ገንዘቡ ከሻጯ ሒሳብ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ክፍያ ይጣልባታል። ጥቅሉ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ እናሳውቅ። «ትልቅ ኩባንያ ነው፣ አይጎዳም» ማለትም አያዋጣም። አማና የባለቤቱ ሀብት ስለበዛ አይቀንስም።

ሻጭ እህቶቼ፣ እናንተም «ልኬያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አትበሉ። በአሜሪካ ደንብ ኦንላይን የተሸጠ ዕቃ በተባለው ጊዜ፣ ጊዜ ካልተጠቀሰ በ30 ቀን ውስጥ መላክ ካልቻለ ሻጭ አስታውቆ ገዢዋን ማስመረጥ አለበት፤ ትጠብቃለች ወይም ገንዘቧን ትወስዳለች። ዲናችን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥቡን ክፍል ሲያገኙት፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳልተደረገ ባለቤቱን ጠይቀዋል። ቀለሙን አሳምሮ የተነሳ ፎቶም ያው እርጥብ የተደበቀበት ክምር ነው። ስፌቱ የተፈታ ካለ እሱንም አንሱት።

ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚኖረው፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። ልጆቻችንን የምናለብሰው በዚህ ገንዘብ ነው። አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሰው ሐቅ ይጠብቀን። አሚን።