ሳልመርጥ ቀርቼ ለማውረድ የቀደምኩ እኔ

ትናንት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እናንተኮ ታድላችኋል፤ ከንቲባ ሲያስጠላችሁ ታወርዳላችሁ» አለኝ። ሳቅኩና ወሬ ቀየርኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ፤ እስቲ ልንገራችሁ።

እዚህ ኦክላንድ፣ 2024 መጀመሪያ ላይ (ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የመኪናዬን መስታወት ለሦስተኛ ጊዜ ሰበሩብኝ። ገና ሳላስቀይረው ፕላስቲክ ለጥፌበት ዕቃ ልገዛ ስሄድ፣ በሩ ላይ አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ ቆሟል። «ከንቲባዋን ለማንሳት ነው፣ ይፈርማሉ?» ሳይጨርስ እስክሪብቶውን ተቀበልኩት።

ማታ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። «ለመሆኑ ሲመረጡ የት ነበርክ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። በኖቬምበር 2022 የድምፅ መስጫው ወረቀት ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ በፖስታ ይላካል፤ ለመመለሻው ቴምብር እንኳን አትገዛም። እኔ ግን «ነገ እሞላዋለሁ» ስል ስል ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ጣልኩት። ሼንግ ታኦ ያንን ምርጫ በስንት ድምፅ እንዳሸነፉ ታውቃላችሁ? በ677! አንድ የሐበሻ ሰርግ ላይ የሚጠራ ሰው ማለት ነው።

ለማውረድ ግን ተሰለፍን። 25 ሺህ ገደማ ፊርማ ነበር የሚያስፈልገው፤ 40 ሺህ ያህል ገባ። ለዘመቻው ትልቁን ገንዘብ ያወጡት ባለሀብት ደግሞ የኦክላንድ ሰው አይደሉም፤ የሚኖሩት ፒድሞንት ነው፣ ዙሪያዋን በኦክላንድ የተከበበች ሌላ ከተማ። ገንዘባቸው ገባ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። እኔ ደግሞ ድምፅ ነበረኝ፣ ጣልኩት።

ጁን ላይ ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንደሚቀርብ ታወቀ። ወዲያው በቀናት ውስጥ ኤፍቢአይ የከንቲባዋን ቤት ፈተሸ። ኖቬምበር 5 ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆነው መራጭ «ይነሱ» አለ። ጃንዋሪ 2025 ላይ በሙስና ተከሰሱ፤ እሳቸው ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል፣ እሱን ፍርድ ቤቱ ይጨርሰው።

እኔም «ይነሱ» ነው ያልኩት። አልጸጸትም። ግን ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይነሱ ወይስ አይነሱ? ማን ይተካቸው የሚል የለም። ንዴት ለመፈረም ይበቃል፤ ከተማ ለማስተዳደር ግን አይበቃም። በጊዜያዊነት የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ተተኩ፣ ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 እንደገና ምርጫ ተደረገና ባርባራ ሊ አሸነፉ። መስታወቴን የሰበረው ልጅ እንደሆነ በአንዱም ምርጫ አልተወዳደረም።

ዛሬ ጠዋት ለጓደኛዬ መልሼ ደወልኩለት። «ታድለናል፣ እውነትህን ነው» አልኩት። ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሳው እንደሚችል የአገራችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 12 ላይ ይላል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶ። «አይ፣ ወረቀት ላይማ አለ» አለና ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እኔ እኮ ወረቀቱ ከነፖስታው ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩ ሰው ነኝ።

የኤፕሪሉን በመጣ ማግስት ሞልቼ ላክሁት። ኖቬምበር 2026 ደግሞ ሌላ የከንቲባ ምርጫ አለ። እዚህ ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የፖስታ ሣጥናችሁን እያያችሁ እንጂ!