ዋልካው ሳይደርቅ

ቂሊንጦ ስትባል የብዙ ሰው ፊት ይለወጣል። ስሟን ከዜና ነው የሚያውቃት፤ ያውም ከማረሚያ ቤቷ ረጅም አጥር ጋር ተያይዛ። እኔ ግን አሥራ አንድ ክረምት ጭቃዋን ረግጫለሁና አዳላላታለሁ። ይህንን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል።

ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውላ፣ እዚያ ሰዉ ብርዱ ሲጠና ወይን ወደሚተከልበት ገጠር እየሄደ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ የቦታውን ምግብ እየበላ የቦታውን ወይን እየጠጣ እንደሚሰነብት አወራችኝና «እናንተስ ክረምቱን የት ትሄዳላችሁ?» አለችኝ። «ቂሊንጦ ነኝ፤ ደግሞ የት እሄዳለሁ?» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

የወይኑ አገር እንኳ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጀምረውን የአዳማ ፈጣን መንገድ ይዞ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የታጠፈ ሰው ዝዋይ ሲደርስ የካስቴልን የወይን እርሻ ያገኘዋል። እኛ ጋ ወይን የለም። ያለን ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ጠላና ቢራ ነው። ክረምት ስልም የእኛውን፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚቆየውን የዝናቡን ጊዜ ማለቴ ነው።

መንገዱን አልዘረዝርም፤ ቃሊቲን ያለፈ ሰው የታክሲ ረዳቱን ቢጠይቅ ይበቃዋል። ኮንዶሚኒየሙን፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውን፣ ለመድኃኒት አምራቾች የተከለለውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። አንድ ምክር ብቻ ልስጥ፦ ቦቲ አድርጋችሁ ኑ።

ምክንያቱ ዋልካው ነው። በጋ ላይ የልጅ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ሐምሌ ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጫማ ላይ ድርብ በድርብ እየተለጠፈ ስለሚሄድ አሥር እርምጃ የተራመደ ሰው ቁመቱ ይጨምራል። ግንበኞች ይረግሙታል፤ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ግድግዳ ይሰነጥቅባቸዋል። አዲስ የገቡ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም የመጀመሪያውን ክረምት ሲያማርሩ ነው የሚያሳልፉት። ሁለተኛው ላይ ዝም ይላሉ።

ዋልካውን ያስተዋወቁኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንድ ሱቅ በረንዳ አይጠፉም። «ይቺ ሕንፃ የቆመችበት የሽምብራ መሬቴ ነበር» ይሉኛል፤ ሳምንት ቆይተው ደግሞ ሌላ ሕንፃ እያሳዩ ያንኑ ይደግሙታል። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን ዝናብ አስጠልሎን ሳለ «አባባ፣ ይሄ ጭቃ አልሰለችዎትም?» ብላቸው ተቆጡኝ።

«ጭቃ ነው ያልከው? ልጄ፣ ይሄ ኮቲቻ ነው። ጭቃ ያለው መርካቶ ነው።»

ኮቲቻ በኦሮምኛ የዚሁ ጥቁር አፈር ስም ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ጭቃ የሚለው ቃል ከአፌ ሲያመልጠኝ ዞር ብዬ እሳቸውን እፈልጋለሁ።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ አጥር ያልዞረባት አንዲት ማሳ ቀርታለች። ቂሊንጦ ምን አላት ለሚለኝ እንግዳ የማሳየው እሷን ነው። ደጋግማ ስትታረስ የከረመችው ማሳ፣ ሐምሌ አጋማሽ አልፎ ዘሩ ሲደርስ ከብት ይነዳባታል። በሬውም ላሙም ጥጃውም ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ መሬቱን እስኪጠቀጠቅ ይረግጠዋል። ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ በመስኮት የሚያይ ሰው ከብቶቹ መንገድ የጠፋባቸው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ስሌት አለው። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሳ በጓል መሃል ከወደቀች ሰምጣ ትቀራለች። የተረገጠ መሬት ግን ከላይ ይይዛታል፣ አረሙንም ያዳክመዋል። ዘሩ በእጅ ይበተናል፤ ሳምንት ሳይሞላ ጥቁሩ መሬት አረንጓዴ ጭስ የለበሰ ይመስላል። እኔ ያንን ለማየት ብቻ ከሥራ ቀርቼ አውቃለሁ።

አዛውንቱ በመስመር መዝራት የሚባለውን አይወዱም። «ጤፍ ወታደር ናት እንዴ የምትሰለፈው?» ይላሉ። ምርምሩን ግን በጅምላ አይጠሉም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ቁንጮ የተባለ ነጭ ጤፍ ዘርተው ጎተራ ሞልተዋል። ማዕከሉ ዝርያዎቹን ከሚፈትሽባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው የአቃቂ ጥቁር አፈር መሆኑን ስነግራቸው አልገረማቸውም። «እዚህ ያላደገ ጤፍ የት ሊያድግ ነው?» አሉ። በጤፉ የሚኮራው የአድአ ሰው ይህንን ቢሰማ ጠብ ይነሳል፤ እኔ ግን ማንን እንደምደግፍ ታውቃላችሁ።

ሽምብራና ጓያ ተራቸው የሚደርሰው ዝናቡ ሲጠግብ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ዋልካው አምቆ ባቆየው ርጥበት ብቻ ያድጋሉ። «ሽምብራ ዝናብ አትወድም፤ የዝናብ ወሬ ይበቃታል» የምትለው አባባል የእሳቸው ናት። ጓያን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በችግር ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሰበራል፣ በምርኩዝ ይቀራል። ሕመሙ በሕክምናም የታወቀ ነው፤ መርዙ ፍሬው ውስጥ ያለ ነው። ሲዘፈዘፍና ውሃው ሲደፋ ይቀንሳል። ጠግቦ ለሚያድር ሰው ግን ለቅምሻ ያህል የጓያ ሽሮ ክፉ አይደለም።

ወደ ሆዳችን እንመለስ። የቂሊንጦ ክረምት ገበታ የሚጀምረው አስፋልት ዳር ነው። ሐምሌ ሲጋመስ በየታክሲ ማቆሚያው የከሰል ምድጃዎች ይደረደራሉ፤ የበቆሎ እሸት ጥብስ። ጥብሱ ጥበብ አለው። ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ አይገፈፍም፤ ከሥሩ ለመያዣ ትንሽ ይቀርለታል። ጥርስ ሲነካው ወተት የሚረጭ ከሆነ ገና ነው፤ ድርቅ ካለም ለቆሎ እንጂ ለእሸት አይሆንም። የእኔ ደንበኛ ጥፍሯን አንዱ ፍሬ ላይ ሰካ አድርጋ ትፈትነዋለች። ከተሳሳተች ሌላ ትቀይራለች። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስቴ ቀይራልኛለች።

ፍልሰታ ሲገባ ንፍሮው ይጣዳል፤ ስንዴው ከሽምብራ ጋር። ማታ ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ከጎኑ ክረምቱ ያለመለመው የጓሮ ጎመን። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጨጨብሳ በቅቤ አለ፤ እሱን በልቶ ከቡና በፊት የሚነሳ ሰው አላየሁም። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ደረጃ ለደረጃ እየወጡ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ድሮ በየጎጆው ደጅ ይከናወን ለነበረ ልማድ አምስት ፎቅ መውጣት ቀላል አይደለም። ልጆቹ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይዘጋል፤ አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው ግን ቁና ቁና እየተነፈሱ ለሚመጡት ሙልሙሉን አብልጦ ይሰጣል።

መጠጡ ላይ አዛውንቱና እኔ አንስማማም። ሄኒከን በ2007 ዓ.ም. ያስመረቀው ትልቁ የቢራ ፋብሪካ ቂሊንጦ ነው፤ ዋልያም የሚጠመቀው እዚሁ ነው። እኔ ዋልያውን ከመኖሪያዬ ጋር አያይዤ እኮራበታለሁ፤ ሌላ ከተማ ሄጄ ሲቀርብልኝ የጎረቤት ልጅ ያገኘሁ ያህል ይሰማኛል። እሳቸው ጌሾ የሌለበትን ነገር ጠላ ማለት ይቅርና መጠጥ ለማለትም አይደፍሩም። የሚቀበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፈረንጁ ይህን ሁሉ አገር አልፎ እዚህ የቆመው ውሃችንን ቀምሶ ነው» ይላሉ። ይቅመስ አይቅመስ እንጃ፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ግን የአዲስ አበባን እንስራ ሲሞላ የኖረ ነው።

እሑድ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ሌላ ዓይነት ምግብ ያልፋል፤ ስንቅ። ከሩቅ ሰፈር በሁለት በሦስት ታክሲ የመጡ እናቶችና ሚስቶች ሳህን በፌስታል አሥረው፣ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ማረሚያ ቤቱ ይሄዳሉ። ከሽታው ዶሮ ነው፣ አልጫ ነው እያሉ መገመት ይቻላል፤ የሚገምት ግን የለም። የቂሊንጦ ሰው ስንቅ የያዘን ሰው «ለማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ በመጀመሪያው ክረምት ከበቆሎ ጠባሿ አይቼ ነው የያዝኩት።

ያን ክረምት አንድ እሑድ ዝናቡ ድንገት ወረደ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ የጠባሿ ሸራ ሥር ገባች። ቦቲ አላደረገችም፤ የነጠላ ጫማዋ አንዱ ማሰሪያ ዋልካው ውስጥ ተበጥሷል። አዛውንቱ እስከ አግዳሚው ጫፍ ድረስ ተጠጉላት። ጠባሿ የእኔን በቆሎ ከምድጃው አንስታ ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ለሴትዮዋ ሰጠቻት፤ እኔን ማስፈቀድ አላስፈለጋትም። ሴትዮዋ በአንድ እጇ ሳህኑን እንደያዘች በሌላው በላች። አዛውንቱ ሰማዩን አዩና «ከአቃቂ በኩል እየገለጠ ነው፤ ይሄ ለጤፍ የመጣ ነው፣ አይቆይም» አሏት። ሲያባራ ጠባሿ የተበጠሰውን ማሰሪያ በፌስታል ቁራጭ ቋጠረችላትና፣ ሴትዮዋ የጠጠሩን ዳር ዳር ይዛ ሄደች።