ዝም የሚሉት አውታሮች

ስለ አንድ ሙዚቀኛ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ይጠየቅ የነበረው «ስንት ካሴት አወጣ?» የሚል ነበር። ካሴቱ ሲቀር ጥያቄው «ስንት ሰው አየው?» ወደሚለው ተለወጠ እንጂ መንፈሱ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና በቁጥር ላይ ቂም የለኝም። ሆኖም በቁጥር ብንለካቸው የሚያመልጡን የጥበብ ሰዎች እንዳሉ አምናለሁ። ከእነዚህ አንዱ በገና ደርዳሪው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ናቸው። ስለ እርሳቸው ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት የሙዚቃ ሊቅ ሆኜ አይደለም። በቅርቡ አንድ ከባድ ምርጫ ገጥሞኝ ሳለ የእርሳቸው የሕይወት መንገድ አማካሪ ስለሆነኝ ነው።

ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። ዓለሙ አጋ በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው መማር ጀመሩ። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ግን ሙዚቃን ሳይሆን ጂኦግራፊን ነው። በ1972 አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን ድርደራቸውን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ቀዳች። በእነዚያ ዓመታት በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ይህ የተለመደ የስኬት ታሪክ በሆነ።

አልቀጠለም። የ1974ቱ አብዮት መጣ። የመዝሙርና የጸሎት መሣሪያ የሆነው በገና በአዲሱ ሥርዓት ፊት ሞገስ አጣ፤ የራዲዮ ጣቢያው በርም ተዘጋበት። በ1980 ዓለሙ የማስተማር ሥራቸውን ተሰናበቱና ፒያሳ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ።

«ሱቅ ከፈቱ» የምትለዋን ሐረግ ብዙ አንባቢ እንደ ውድቀት ያነባታል። መምህር የነበረ፣ ድምፁ ከባሕር ማዶ የደረሰ ሰው ሚዛንና መደርደሪያ መሐል ገባ ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያነበብኋት። አሁን ግን ከታሪኩ ሁሉ የምወዳት እርሷን ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ በገና ራሱ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል።

በገና አሥር አውታር አለው፤ በጥንቱ ሥርዓት አውታሩ ከአንጀት ይፈተላል። አውታሩና በርኩማው በሚገናኙበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉመተምት፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚነዝር ድምፅ የሚፈልቀው ከእነርሱ ነው። አባቶች ሲያመሠጥሩ ሁለቱን ምሰሶዎች በሚካኤልና በገብርኤል፣ የድምፅ ሳጥኑን በእመቤታችን፣ አሥሩን አውታር በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል።

ደርዳሪው ብቻውን ነው። ከበሮ መቺ አያጅበውም፤ ተቀባይም የለውም። «ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ» የሚባል የሥራ ክፍፍልም አያውቅም። ግጥሙን ከቀደሙት ይቀበላል፣ ይመርጣል፣ ከራሱም ይጨምራል፤ ራሱ ይደረድራል፣ ራሱ ያዜማል። በውጭው ዓለም ከኩባንያ ነፃ ሆኖ በአንድ ጊታር የራሱን ግጥም የሚያዜም ሰው እንደ አዲስ ግኝት ሲወደስ ስሰማ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሰው ስንት ዘመን የኖረ ነው!

የሚያዜመው ደግሞ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ ነው። አዝማሪ በማሲንቆው ሠርግ ያደምቃል፤ ከተወደሰውም ሰው ሽልማት ይቀበላል፤ ይህም ክቡር ሙያ ነው። በገና ግን ለጭፈራ አይጠራም። የሚናፈቀው በዐቢይ ጾም፣ ሰው ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት ሰሞን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገበያው ጠባብ ነው። ከእርሱ ብቻ እበላለሁ ያለ ሰው ውሎ አድሮ በገናውን መለወጡ አይቀርም። ያሳጥረዋል፣ ያፈጥነዋል፣ ያን የሚያጉመተምት ድምፅ ለጆሮ እንዲለሰልስ ይሞርደዋል። ሱቁን የምወደው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዓለሙ ዘንድ ግን ዋጋ ያልተጻፈበት አንድ ነገር ነበረ። ይህን አስበው ነው ሱቅ የከፈቱት ብዬ በአፋቸው ቃል አልጨምርም፤ ንባቡ የእኔ ነው። ከ1991 በኋላ በገና ወደ አደባባይ ሲመለስ ግን ያልተበረዘ እጅ ተፈለገ፤ ተገኘም። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከሚታወቀው «ኢትዮጲክስ» የተባለ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዓለሙ አጋ በገና ነው።

ስለ በገና ካወቅሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር አለ። በጣት ሲደረደር ከአሥሩ አውታሮች ድምፅ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ናቸው። የቀሩት አይመቱም። ሥራቸው አውታሩን መትቶ የተመለሰውን ጣት መቀበልና ማሳረፍ ነው። ዝም ይላሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ ጣቱ መቆሚያ አጥቶ ድርደራው ይፈርሳል።

ባለፈው ጥቅምት ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «አንተ እኮ ቃል አለህ፤ ለምን እዚህ መስኮት ውስጥ ታሳድረዋለህ?» አለኝ። ድርጅቱ ለሳሙናው፣ ለመጠጡ፣ ለበዓል መልካም ምኞቱ ቤት የሚመታ ስንኝ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው እጥፍ ነው። ለሙከራ ሦስት ስንኝ ጻፍሁ፤ ወደዱልኝ። ባለቤቴ የልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራዩን፣ የመጓጓዣውን በወረቀት ላይ ደምራ ካሳየችኝ በኋላ «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ትዳር ያለው ሰው ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል።

በዚያው ምሽት የራሴን ደብተር ገለጥሁ። የጀመርሁት ግጥም ስለ ሟች አባቴ ነበር። የመጣልኝ የመጀመሪያ መስመር ግን የሳሙናው ምት ነበረው። ሰረዝሁት፤ ሁለተኛውም እንደዚያው መጣ። ለአባቴ ያስቀመጥሁት ጣት ከዕቃ ሻጭ አውታር ላይ አልነሣ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለወዳጄ ደውዬ አመስግኜ «አይሆንልኝም» አልሁት። የባንክ ሥራ ቃሌን አይፈልግም። ከእኔ የሚፈልገው ጣቴን፣ ዓይኔንና ታማኝነቴን ነው። ሂሳቡ ሲዘጋ ቃሌ እንደ ጠዋቱ ሆኖ ይጠብቀኛል። ለዓመታት መሰናክሌ ነው እያልሁ ሳማርረው የኖርሁት መስኮት የማይመታው አውታሬ ነበር ለካ።

ይህን ስል ጥበበኛ ሁሉ ሱቅ ይክፈት፣ መንግሥትና ሕዝብም ዕዳቸውን ይርሱ ማለቴ አይደለም። በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የፈጠረ ሰው ከፈጠረው እንዲጠቀም ደንግጓል። የሕጉ ቃል ከጥበበኛው ኪስ እስኪደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። መንገዱን ማሳጠር የሁላችንም ግዴታ ይመስለኛል። የምሟገተው ለአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። እንጀራውን በሌላ ሥራ የሚያበስል ጥበበኛ ግማሽ ጥበበኛ ተደርጎ አይታይ። እንዲህ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ጥበቡን የሚጠብቅ ነው።

ዋጋው ቀላል ነው አልልም። የልጄ ክፍያ ቀን በየወሩ ይደርሳል፤ ባለቤቴም ያን ወረቀት አልጣለችውም። ስለ አባቴ የጀመርሁት ግጥምም ገና አላለቀም፤ ቢያልቅም ያማረ መሆኑን አላውቅም። ግን የቤት ኪራይ አይጠየቅበትም፤ ለማንም ዕቃ አይመሰክርም። ክፉ ቢሆን እንኳ ክፋቱ የራሱ ነው።