ቁልፉ በእናንተ እጅ ይሁን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ፤



በስልክ እንደነገርሽኝ ቀበሌው የሶላር ማኅበር ሊያቋቁም ነው፤ አንቺንም ኮሚቴ አድርገው መርጠውሻል። «እኔ ያልተማርሁ ምን ብዬ እናገራለሁ?» ስትይኝ ሆዴን በላኝ። እታለሜ፣ በስማዳ ስለ እሳትና ስለ ማገዶ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

ትኩሱን እበት ከገለባ ጋር ለውሰሽ፣ በመዳፍሽ ጠፍጥፈሽ ከካቡ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ደርቆ ሲነሣ የጣቶችሽ ምልክት ታትሞበት ይወጣል። ያ እበት ማሳ ላይ ቢውል ገብሱን ያፋፋው ነበር። ግን ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ወንዝ ገደል ድረስ ደኑ አልቋል፤ ያለው ባሕር ዛፍም ለቤት መሥሪያና ለገበያ ይሄዳል፤ ለምድጃው የተረፈው ኩበት ነው። እበቱ ሲነድ መሬቱ ይከሳል፤ መሬቱ ሲከሳ ጎተራው ይጎድላል፤ ጎተራው ሲጎድል ያለችው ዛፍ ተቆርጣ ትሸጣለች። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ለዓመታት የታቀፉት ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። የመሬቱን ለምነት ምድጃው ስለበላውም ነው።

ጢሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል። ምጣዱ ሥር ጎንበስ ብለሽ እፍ ስትይ ዓይንሽ ደም መስሎ የሚቀላው፣ ጀርባሽ ላይ ያለው ሕፃን የሚያስለው በዚሁ ጢስ ነው። ድርቅ ሲመጣ ስብሰባ ይጠራል፤ ስለ ጢሱ ግን ስብሰባ ሲጠራ አላየሁም።

ሌላም አለ። በየዓመቱ እህል ከገባ በኋላ ወጥታችሁ እርከን ትሠራላችሁ፤ ድንጋይ ትሸከማላችሁ። በሽሎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከእናንተ ቁልቁለት የሚታጠበው አፈርም አብሮት ይወርዳል። እርከናችሁ የሚያስቀረው አፈር ለህዳሴው ግድብ ሐይቅ ደለል ከመሆን የዳነ አፈር ነው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ገበሬው ጭምር ቦንድ ገዝቷል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ሲመረቅ እኔም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ሙሉ የሚሆነው ግን አፈሩንና ውሃውን የሚጠብቀው ሰው ከኩራዝ ሲላቀቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ሰው መብራት ለማዳረስ፣ መስመር ቶሎ ለማይደርሰውም በሶላርና በመሳሰሉት ለማድረስ አቅዶ ነበር። ስለዚህ ስትጠይቁ እየለመናችሁ አይደለም፤ ድርሻችሁን እየጠየቃችሁ ነው።

አሁን ማኅበሩ ወደሚቋቋምበት ስብሰባ ልምጣ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ትንሽ ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ያ ሶላር የሚሰጠው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። «መብራት ገባላችሁ» ብለው ምድጃውን እንዳይረሱት። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ መቅረጫው ከተገኘ እዚያው ወገዳ ከተማ ሴቶች ተደራጅተው ሊያመርቱት ይችላሉ። ባዮጋዝም ካነሡ ደግ ነው፤ ከእበቱ እሳቱን ሰጥቶ ዝቃጩን ለማሳ ይመልሳል። ነገር ግን ቢያንስ አራት ከብትና የእበቱን ያህል ውሃ በየቀኑ ይሻል፤ እንደ ነፋስ መውጫ ከተማ ባለ ብርዳም ስፍራ ደግሞ ጋዙ ይደክማል። ስለዚህ ወደ ቆላው፣ ውሃ ቅርብ ለሆነለት ይሰጥ። ውሃ ቀጂዋ አንቺና ልጅሽ ከሆናችሁ፣ ያ ሸክም በማን ጀርባ ላይ እንደሚጨመር በግልጽ ይነገር።

ዋናው ጉዳይ ግን የባለቤትነቱ ነው። በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል መንደር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሶላር ሲገባ፣ ጠጋኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አብሮ ተከፍቶ ነበር። በሲዳማ ጎቤቾ ትንሽ ወንዝ ጠልፈው መብራት ሲያመነጩ ነዋሪው በማኅበር ባለቤት ሆኗል። ጠጋኝ የሌለው ሶላር አንድ ሽቦ ሲበጠስበት የቆርቆሮ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከባሕር ዳር ባለሙያ አይመጣም፣ ዕቃም አይደርስም። ያኔ የሚያድነው እዚያው ያለ እጅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ከቀበሌው ልጆች ቢያንስ ሁለት ሴቶች ጥገና ይሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ ከየቤቱ በየወሩ የሚዋጣው ትንሽ ገንዘብ ለባትሪ መቀየሪያ በማኅበሩ ስም ይቀመጥ፤ እንደ እድራችሁ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበብ። ሦስተኛ፣ የኮሚቴው ግማሽ ሴት ይሁን፤ የገንዘብ ሣጥኑም ቁልፍ በሴት እጅ ይሁን። ባል የሌላትና መዋጮ ያጠራት ባልቴት በጨለማ እንዳትቀርም ደንቡ ላይ ይጻፍ። ጋይንትና እስቴ ያሉት ዘመዶቻችን የእናንተን አይተው እንዲጀምሩ የሚያደርጋቸው የፓነሉ ብዛት ሳይሆን ይህ ደንብ ነው።

እታለሜ፣ ሶላሩን የሚያቀርበው ድርጅት ሲመጣ ቀድመሽ ተነሽና «ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ውሉስ በማን ስም ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በልጅሽ እጅ አስጽፈሽ ላኪልኝ፤ ደንቡን አብረን እናረቅቃለን።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ከባሕር ዳር