አንድ ጠርሙስ፣ ሦስት ኬላ

ሞያሌ ላይ የምንሠራ ሰዎች አንድ ነገር በየቀኑ እናያለን። ከኢትዮጵያ በኩል ቀኙን ይዞ የመጣ መኪና ድንበሩን እንደተሻገረ በግራ መሄድ ይጀምራል። መኪናው ያው ነው፣ ሹፌሩም ያው ነው፣ ጭነቱም አልተነካም፤ የተለወጠው የመንገዱ ሕግ ብቻ ነው። እኛ ሁለት እህትማማቾች ከኢስሊ ጫማና አንሶላ ስናመላልስ 12 ዓመት ሆኖናል። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብለን እናስብ ነበር። ጥቂት ጠጅና ወይን ይዘን ወደ መርከብ ሽርሽር ስንነሳ ግን ያንኑ ትምህርት ረሳነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህታችን አሜሪካ ከገባች 16 ዓመት ሆኗት ነበር። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ልጆች፣ ከዚያ ሁለት ሥራ እያለች ዓመቱ ሄደ። ሠርጓንም እዚያው ቨርጂኒያ ደገሰች፤ እኛ በስልክ አየን። እማዬ ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ተከልክላለች፤ አሁን ደግሞ ጉልበቷ እንኳን ለአውሮፕላን ለቤቷ ደረጃም አልታዘዝ ብሏታል። በ2016 ዓ.ም. ታናሻችን 40 ዓመት ሊሞላት ሲል ደወለችልንና «እናንተ ኑ። ሦስታችን ብቻ፣ ሥራ የማይጠራን ቦታ አንድ ሳምንት እንሁን» አለች። ከማያሚ ተነስቶ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደርሶ የሚመለስ የመርከብ ትኬት ቆርጣልን ነበር።

የወረቀቱን ጉዳይ እንደ ነጋዴ አሰብንበት። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ስለሚመለስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መመለሻው ላይ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ቪዛችን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ደጋግመን አየን። የቢጫ ወባ ካርዳችንን ሳይቀር ያዝን። ስለ ጠርሙሱ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

እማዬ ጉዞውን ስትሰማ ብዙ አልተናገረችም። ጓዳ ገባችና ማሩን አወጣች። «የልጄን የሠርግ ጠጅ አልጣልኩም» አለች። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣ፣ ጌሾዋን ጨምራ፣ ሐዋሳ ቤቷ ውስጥ በ76 ዓመቷ በገዛ እጇ ጣለችው። ሠራተኛዋን እንኳን አላስነካችም።

መንገዳችን ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበርና ጠጁ በደንብ ሳይጠል ቀዳነው። «ገና እየፈላ ነው፤ ጊዜ ስጡት» ብላን ነበር። ነጋዴ ቀን ሲደርስበት ማንን ይሰማል? አንድ ባለ ሁለት ሊትርና አንድ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ እስከ አፋቸው ሞልተን ክዳናቸውን ጠበቅ አድርገን ዘጋን። በተጨማሪ ከአዲስ አበባ ሱቅ ሁለት ጠርሙስ ወይን ገዛን፤ አንዱ አካሺያ፣ ሌላው ሪፍት ቫሊ፣ ሁለቱም የባቱ ወይኖች ናቸው።

የመጀመሪያው ኬላ አውሮፕላኑ ነው። እዚህ ሕጉ ለወይን ጠጪ ደግ ነው። አልኮሉ ከ24 በመቶ የማይበልጥ መጠጥ፣ በሚላከው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ፣ በአደገኛ ዕቃ ደንቡ የመጠን ገደብ የለበትም፤ የሚገድባችሁ የሻንጣው ኪሎ ነው። ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው ለአንድ ሰው 5 ሊትር፣ ያውም በሱቅ ማሸጊያው ሳይከፈት ነው። ስለዚህ የቤት አረቄ በሃይላንድ ሞልቶ መጫን አይቻልም። በእጅ ሻንጣ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻውን አያልፍም። ባጭሩ፣ በአየር ስትሄዱ ጠርሙሱ ከትልቁ ሻንጣ ጋር ይሂድ።

አስተሳሰሩን ከአንዲት ደንበኛችን ተምረናል። ጠርሙሱ በሕፃን ዳይፐር ይጠቀለላል፣ በላዩ ላስቲክ ይለብሳል፣ ከዚያ በልብስ መሐል ይቀመጣል። ቢሰበር ዳይፐሩ ይጠጣዋል። ወይኖቹን እንዲሁ አደረግን። ሃይላንዶቹን ግን «ፕላስቲክ አይሰበርም» ብለን እማዬ ለታናሻችን በላከችው ጋቢ ብቻ ጠቀለልናቸው።

ቦሌ ፍተሻውን ካለፍን በኋላ ከቀረጥ ነፃው ሱቅ አንድ ወይን ጨመርን። ለሦስት ሰው ሦስት ጠርሙስ ብለን ነው። ሻጩ ደረሰኙን አብሮ አስገብቶ፣ ውስጡ በሚታይ ከረጢት አሽጎ ሰጠን፤ «እስክትደርሱ አትክፈቱት» አለን። ከእኛ አንዷ፣ የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ፈረንጅ «አገሬ ወይን ታበቅላለች» ለማለት አየር ላይ ቀደደችው።

ሁለተኛው ኬላ ዋሽንግተን ዳላስ ነው። ወደ ማያሚ የሚቀጥል መንገደኛ እዚያ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ ሻንጣውን መልሶ አስረክቦ፣ እንደገና ይፈተሻል። አሜሪካ 21 ዓመት ለሞላው መንገደኛ አንድ ሊትር የአልኮል መጠጥ ከቀረጥ ነፃ ታስገባለች፤ ከዚያ በላይ ከያዘ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ማስታወቅ ግን ግዴታ ነው። እኛም ሁሉንም ተናገርን። መኮንኑ «ይሄ ቢጫው ምንድን ነው?» አለን። የማር ወይን ነው፣ እናታችን ለእህታችን የላከችው ነው አልነው። አየን፣ ሃይላንዶቹን አየ፣ እለፉ አለን። በድንበር ሥራ የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ የተናገሩት ዕቃ ከተገኘ ዕቃ ሁልጊዜ ይሻላል።

ስህተቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ሻንጣው እጃችን ላይ ሳለ ያንን የቦሌ ጠርሙስ ወደ ውስጥ ማስገባት ነበረብን። ከረጢቱ ሳይከፈት ቢሆን እንኳን ይህ የተሻለው መንገድ ነው፤ የተቀደደ ከሆነማ ሌላ መንገድ የለውም። እኛ ግን ሻንጣውን አስረክበን፣ ጠርሙሱን በእጃችን ይዘን ወደ ፍተሻው ሄድን። መጣያው ውስጥ ገባ። ማንንም አልወቀስንም፤ ሻጩ ነግሮን ነበር።

ማያሚ ሆቴል ስንደርስ ታናሻችን ቀድማ ደርሳ በር ላይ ቆማ ነበር። የ16 ዓመት ነገር ነውና ስለ መተቃቀፉ አንጽፍም። ሻንጣው ሲከፈት ክፍሉን ማር ማር ሸተተው። ባለ ሁለት ሊትሩ ተነፍቶ፣ ክዳኑ ለቆ፣ ያለውን ሁሉ ጋቢው ላይ ደፍቶታል። ጋቢው ከሁላችን ቀድሞ ሰከረ። እማዬ እንዳለችው ጠጁ ገና እየፈላ ነበር፤ የሚፈላ ነገር አየር ያወጣል፤ እስከ አፉ ተሞልቶ የታፈነ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ጠጅ የሚያጓጉዝ ሰው ፈልቶ እስኪያበቃና እስኪጠል ይጠብቅ፣ ከላይም ቦታ ይተው። ባለ አንድ ሊትሩ እንደምንም ተርፏል። ወይኖቹም በዳይፐራቸው ውስጥ ደህና ናቸው።

የሦስተኛውን ኬላ ነገር የነገረችን ታናሻችን ናት። የትኬቱን ውል አልጋ ላይ ዘርግታ አነበበችልን። ከአሜሪካ የሚነሱ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን፣ መጠጥ መጠጣት ለሚፈቀድለት ሰው በመሳፈሪያው ቀን ብቻ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ ይፈቅዳሉ። ጠርሙሱ ያልተከፈተ መሆን አለበት። የሚያዘውም በእጅ ነው፤ ወደብ ላይ ለተሸካሚ በሚሰጠው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። አያችሁ ሞያሌን? አውሮፕላኑ «በትልቁ ሻንጣ» ያለውን መርከቡ «በእጅህ» ይላል። ሌላው ድርጅት ሌላ ደንብ ሊኖረው ይችላልና የራሳችሁን ውል አንብቡ።

ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ቤት የተሠራ መጠጥ አይገባም ይላል።»

ዝም አልን። ከዚያ የነጋዴ ጭንቅላታችን መሥራት ጀመረ። ወይኑን ጠጥተን ጠጁን በወይኑ ጠርሙስ እንሙላውና ቡሹን እንመልሰው። ወይም በሻምፑ ዕቃ እናድርገው። በኬላ ላይ ስንት ብልሃት አይተናል! ታናሻችን ሁሉንም ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

«16 ዓመት ስንት ነገር ተደብቄ ኖርኩ» አለች። «የእማዬን ጠጅ ተደብቄ አልጠጣም። የሠርግ ጠጅ ተደብቆ ይጠጣል እንዴ?»

እኛ መልስ አልነበረንም። ወረቀቷ እስኪስተካከል ስላለፈው ዓመት በስልክ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም ነበር። ያን ሌሊት ነገረችን።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሐዋሳ ከንጋቱ አሥራ አንድ ማለት ነው። እማዬ በዚያ ሰዓት ተነስታ እንደምትጸልይ ስለምናውቅ በቪዲዮ ደወልን። ብርሌ የለም፤ የሆቴሉን የወረቀት ኩባያ ደረደርን። ጠጁን ቀድተን ለታናሻችን ሰጠናት። እማዬ ስልኩን በጣም አቅርባ ስለያዘችው የሚታየን ግንባሯ ብቻ ነው።

«መርከቡ ላይ ናችሁ?» አለች።

አይ እማዬ፣ መርከቡ ነገ ነው፤ ጠጁን አያስገቡትም አሉ፣ ሆቴል ነን አልናት። እንዳታዝን ፈርተን ነበር።

«መርከቡ ምን ያደርግልኛል? ሦስታችሁ አንድ ላይ ናችሁ ወይ?»

አንድ ላይ ነን አልናት። ታናሻችን ጎንጨት አለች። ማሩ ቀድሞ፣ ጌሾው ከኋላ ይመጣል። ምንም ሳትናገር ኩባያውን ወደ ስልኩ አሳየች። ያኔ እማዬ፣ በዚያ ንጋት፣ ብቻዋን እልል አለች። አንዴም አይደለም። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ በር እስኪያንኳኳ እልል አለች። ለእሱም «ልጄን እየዳርኩ ነው» ስትለው ሰማን። ከዚያ መረቀችን፤ ምርቃቱ ረዥም ነበር፣ ጠጁ ከምርቃቱ ቀድሞ አለቀ።

በማግሥቱ ከሱፐርማርኬት አንድ የካሊፎርኒያ ወይን በ11 ዶላር ገዝተን የጎደለውን ተካን። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠርሙስ፣ ሁሉም በእጃችን። ፈታሹ አየና አሳለፈን። ክፍላችን ውስጥ ስንጠጣ የጠየቀን የለም። እራት አዳራሽ ይዘነው ስንገባ ግን ለመክፈቻ 15 ዶላር ተጨመረብን። አካሺያውን እዚያ ከፈትነው፤ አስተናጋጁ ጽሑፉን አንብቦ «ኢትዮጵያ?» አለ፣ እኛም ቀና ብለን ተቀመጥን። ኮዙሜል ላይ የገዛነውን መጠጥ ደግሞ መርከቡ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ቀን አስቀመጠው። ይህም የተለመደ ነው፤ ከወደብ የገዛችሁትን በመንገድ ላይ አትጠጡትም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከአፍሪካ ወይን ተሸክሞ መሄድ አያዋጣም። የኪሎው ቦታ፣ የመሰበሩ ስጋት፣ የቀረጡ ጣጣ ሲደመር፣ ወደቡ አጠገብ ካለ ሱቅ የ11 ዶላሩን መግዛት ይሻላል። በአውሮፕላን መጥቶ መርከብ የሚሳፈር ሰው እንዲያ ቢያደርግ እንመክራለን። ተሸክሞ መሄድ የሚገባው እዚያ የማይገዛ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በታወቀ ፋብሪካ የታሸገ ይሁን። የቤቱን ጠጅ ከመርከቡ በፊት፣ በምድር ላይ፣ በግልጽ ጠጡት።

ጋቢው ቨርጂኒያ ቀርቷል። ታናሻችን እስካሁን አላጠበችውም። እማዬ ደግሞ ከቀኑ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ንገሩኝ ብላናለች፤ ለሚቀጥለው ጠጁን በጊዜ ልትጥለው ነው።